ዜሮው አባባ ናቸው

[የቴክኒክ ኮሌጅ ኮሪደር፤ ጠዋት። የፈተናው ክፍል በር ተዘግቷል። ሁለት ጊዜ ወድቆ ለሦስተኛውና ለመጨረሻው ጊዜ ሊፈተን የመጣ የኤሌክትሪክ ተማሪ፣ ቤተሰቡ «ሊቁ» የሚለው፣ አግዳሚ ወንበር ላይ የኤሌክትሪክ ዑደት ሥዕል ያለበትን ወረቀቱን በትኗል። አጠገቡ የእህቱ ባል፣ ግንበኛው፣ ሲሚንቶ የነካው ጫማውን አድርጎ ተቀምጧል።]

ግንበኛው፦ ሴራሚክ ነው አልኩህ!

ሊቁ፦ አይደለም አልኩህ!

ግንበኛው፦ አራት ማዕዘን፣ በአንድ ጥጉ የቆመ። ሴራሚክ ነው እንጂ ምን ሊሆን ነው? የለጠፈው ሰው ግን እጁ ይሰበር፣ አጣሞታል።

ሊቁ፦ ጋሼ፣ በፈጠረህ! ይሄ ጥገኛ ምንጭ ይባላል። ያ ክቡ ነፃ ምንጭ ነው፤ አራት አምፔሩን በራሱ ይሰጣል። ይሄኛው ግን ራሱን አልቻለም። እዚያ ማዶ የሚያልፈውን ከረንት አይቶ እጥፉን ይሰጣል።

ግንበኛው፦ በምን ያየዋል?

ሊቁ፦ አያይም!

ግንበኛው፦ አይቶ አልክ እኮ።

ሊቁ፦ አነጋገር ነው!

ግንበኛው፦ እሺ፣ አጠገቡ ነው?

ሊቁ፦ የግድ አይደለም።

ግንበኛው፦ አይተያዩም፣ አጠገብ ላጠገብ አይደሉም፤ ግን ያኛው አንድ ሲል ይሄኛው ሁለት ይላል። [ያስባል] እማማ ናቸው።

ሊቁ፦ ምን?

ግንበኛው፦ አማቴ! እህትህ ማድ ቤት ሆና በሆነ ነገር ስትናደድ፣ እማማ ሳሎን ተቀምጠው፣ ነገሩን እንኳን ሳይሰሙ፣ እጥፍ አድርገው ይናደዳሉ።

ሊቁ፦ እናቴን ከዚህ አውጣት! ሃያ ደቂቃ ነው የቀረኝ። ዛሬ ከወደቅኩ ያባርሩኛል፤ አለቀልኝ!

ግንበኛው፦ ላንተ ብቻ ነው የሚያልቀው? ሥራዬን ጥዬ የመጣሁት ለምን ይመስልሃል? እማማ ምን አሉ? «ከወደቀ ካንተ ጋር ሲሚንቶ ያቡካ»። ከኔ ጋር!

ሊቁ፦ ምን አለበት? ባለፈው ክረምት ሠርቼ የለ?

ግንበኛው፦ ሠርተሃል። የመጸዳጃ ቤቱን በር በጡብ ደፈንከው። ቀለም ቀቢው ውስጥ ነበር።

ሊቁ፦ ስሌቱ ትክክል ነበር።

ግንበኛው፦ ሰውየው እስከ ዛሬ በሩን ከፍቶ ነው የሚተኛው! ስለዚህ ወደድክም ጠላህም ታልፋታለህ። ለመሆኑ ካለፍክ የት ይልኩሃል?

ሊቁ፦ ለተግባር ልምምድ ይመድቡኛል። ቦታውን የሚነግሩት ላለፈ ሰው ብቻ ነው።

ግንበኛው፦ ሩቅ ያድርገው። በል፣ አስረዳኝ።

ሊቁ፦ [ጉሮሮውን ጠርጎ] ሦስት መገናኛ ነጥቦች አሉ፤ ሀ፣ ለ እና መ። በየመካከላቸው አንድ አንድ ኦም። ወደ ነጥቡ የገባ ሁሉ ከነጥቡ ይወጣል። ለሦስቱም እኩልታ እጽፋለሁ፤ እደምራለሁ፣ እቀንሳለሁ፣ አባዛለሁ። ከአራት ገጽ በኋላ፣ [ወረቀቱን ከፍ አድርጎ] ዜሮ እኩል ይሆናል ዜሮ!

ግንበኛው፦ እና መልሱ?

ሊቁ፦ እሱ ነዋ መልሱ! ዜሮ ከዜሮ ይበልጣል የሚል ካለ ይምጣ!

ግንበኛው፦ ማንም አይመጣም።

ሊቁ፦ መምህሩ ግን ሁለቴ ጣለኝ። ቅናት ነው።

ግንበኛው፦ ቆይ፣ የጠየቀህ ምን ብሎ ነው?

ሊቁ፦ የ«ሀ» እና የ«ለ» ቮልቴጅ ስንት ነው ብሎ።

ግንበኛው፦ ከየት ተነስቶ?

ሊቁ፦ እንዴት ከየት ተነስቶ?

ግንበኛው፦ እኔ «ግድግዳው ሁለት ሜትር ነው» ስልህ ከአንድ ቦታ ተነስቼ ለክቼ ነው። ሥራ ስጀምር ምልክት አደርግና «ዜሮ እዚህ ጋ ናት» እላለሁ። ያንተ ዜሮ የታለች?

ሊቁ፦ [ይስቃል] ጋሼ ሙት! ይሄ እኮ ኤሌክትሪክ ነው፣ ጡብ አይደለም!

ግንበኛው፦ እሺ ጡቡን ተወው፣ ቤታችንን ውሰድ። «ሀ» ማድ ቤቱ ነው፤ እህትህ አለች። «ለ» ሳሎኑ ነው፤ እማማ ከነሴራሚካቸው። ክቡ ደግሞ ጎረቤታችን ናት፤ በየቀኑ አራት ወሬ ለእህትህ አቀብላ ትሄዳለች። የማንንም ፊት አታይም።

ሊቁ፦ [ሳያውቀው ወደሱ እየተጠጋ] «መ»ስ ማን ነው?

ግንበኛው፦ የሁሉም ንዴት መጨረሻ ላይ የሚራገፈው ማን ላይ ነው?

ሊቁ፦ አባዬ ላይ።

ግንበኛው፦ እህትህ ብትጮህ?

ሊቁ፦ ዝም ይላል።

ግንበኛው፦ እማማ እጥፉን ቢጮኹ?

ሊቁ፦ ጋዜጣውን ይገልጣል።

ግንበኛው፦ በቃ! በዚያ ቤት ማን ስንት እንደተናደደ የሚለካው ከሳቸው ተነስቶ ነው። ዜሮው አባባ ናቸው!

ሊቁ፦ ስህተትህን ላሳይህ ብዬ ብቻ ነው የምሞክረው። [ይጽፋል] አባዬ ዜሮ። የ«መ» እኩልታ ይቅር፤ ድሮም የሁለቱ ድግግሞሽ ነው። እማዬ የእህቴን እጥፍ... [እስክሪብቶው ይቆማል]

ግንበኛው፦ ምን መጣ?

ሊቁ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ማድ ቤት ስምንት። ሳሎን አሥራ ሁለት።

ግንበኛው፦ ልክ ነው።

ሊቁ፦ አንተ በምን አወቅክ?

ግንበኛው፦ እዚያ ቤት እኮ ነው የምኖረው!

ሊቁ፦ ሊሆን አይችልም። ግማሽ ገጽ ነው የፈጀው። ትክክለኛ መልስ በግማሽ ገጽ አያልቅም!

[ደወል ይደወላል። ሊቁ ይነሳል። ግንበኛው ኮሌታውን ይይዘዋል።]

ግንበኛው፦ ስማኝ! አባባን ረስተህ ከዚያ ክፍል ብትወጣ ዙሪያህን እገነባብሃለሁ። በር የለውም!

[ሊቁ ይገባል። ግንበኛው ኮሪደሩን በእርምጃ እየለካ ይንቆራጠጣል። ከአንድ ሰዓት በኋላ በሩ ይከፈታል።]

ግንበኛው፦ እ?

ሊቁ፦ ያው ጥያቄ ነው የመጣው። ቁጥሩ እንኳን አልተቀየረም።

ግንበኛው፦ ምን ጻፍክ?

ሊቁ፦ አራቱን ገጽ ጀመርኩ።

ግንበኛው፦ ወይኔ ጉዴ!

ሊቁ፦ ከዚያ በር የሌለው ግድግዳህ ትዝ አለኝ። ሰረዝኩትና «መ አባዬ ነው፤ አባዬ ዜሮ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

ግንበኛው፦ አባዬ ብለህ?!

ሊቁ፦ ብቻዬን ስለተፈተንኩ መምህሩ እዚያው አረመው። ሁለቴ አነበበው። ከዚያ «የኔም ሚስት አባት እንዲሁ ናቸው» ብሎ ሙሉውን ሰጠኝ። አለፍኩ!

ግንበኛው፦ [አቅፎት እየዘለለ] ተመስገን! ተገላገልኩ! ከእንግዲህ ሞኝ የሚለኝ ሰው ይምጣ! ሳልማር ሊቅ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ! በል ንገረኝ፣ የት መደቡህ? ሩቅ ነው አይደል?

ሊቁ፦ [ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ] በመሠራት ላይ ያለ ባለ አምስት ፎቅ፣ የመብራት ዝርጋታ። ከዳቦ ቤቱ ጀርባ።

ግንበኛው፦ ከዳቦ ቤቱ... ያ እኮ የኔ ሕንፃ ነው።

ሊቁ፦ አዎ! አንድ ዓመት ሙሉ አብረን ነን። ብወድቅ ኖሮ አንተ ነበርክ የምታዘኝ። አሁን ግን ሽቦው የሚያልፈው በግድግዳ ውስጥ ስለሆነ፣ የቱ ግድግዳ እንደሚፈርስ የምወስነው እኔ ነኝ። አይዞህ ጋሼ፣ ስሌቱን ይዤዋለሁ፤ እኔ አንድ ባፈረስኩ ቁጥር አንተ ሁለት ትገነባለህ።

[ግንበኛው ቀስ ብሎ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። ዝም ይላል።]

ሊቁ፦ ምነው? ምንም አትልም እንዴ?

ግንበኛው፦ ጋዜጣ ይዘሃል?