በማዕረግ ተራ የተደለደሉ ፈረሶች

የማስተባበር ሥራዎችን የሚያስተባብረው መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹን ፈረስ ላይ አስቀምጦ ተራራ ያወጣበትን ቀን ታሪክ አይረሳውም። ታሪክ ቢረሳው እንኳ ቃለ ጉባኤው አለ። በዚያ ላይ እንደሰፈረው የጉዞው ዓላማ «አመራሩንና ሠራተኛውን ከተፈጥሮ ጋር በማስተዋወቅ የተቀናጀ የእርምጃ አንድነት መፍጠር» ነው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም፤ ዓርብን ከቢሮ ውጭ የሚያሳልፍ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል?

የዝግጅቱ ሸክም የወደቀው በፕሮቶኮል ኃላፊው ትከሻ ላይ ነበር። እኚህ የተከበሩ ባለሙያ ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ፣ ማን ቀድሞ በር እንደሚገባ፣ የማን ሻይ ቀድሞ እንደሚቀዳ ሲደነግጉ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ቢሯቸው ከመጸዳጃ ቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ሰው ውሃ በለቀቀ ቁጥር ስልክ ላይ ያለው ሰው «እዚያ ዝናብ ነው እንዴ?» ይላቸዋል። በቅርቡ ግን ምክትል ሥራ አስኪያጁ ጡረታ ወጡና ባለ ሁለት መስኮቱ ቢሮ ባዶውን ቀረ። ዋና ሥራ አስኪያጁም በኮሪደሩ ሲያልፉ «ከጉዞው መልስ ስለ ምክትልነቱ እንነጋገራለን» ብለው ጣል አደረጉላቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ፕሮቶኮል ኃላፊው እህል አልበላ ብሏቸዋል። ያንን ቢሮ ይፈልጉታል፤ ልጅ ከረሜላ እንደሚፈልገው፣ ያለ እፍረት።

ስለዚህ ነገሩን ለዕድል አልተዉትም። የዘጠኙን ፈረሶች ፎቶግራፍ ከሳምንት በፊት አስልከው፣ በር ዘግተው ሁለት ቀን ተቀመጡና የፈረስ ድልድል ሠንጠረዥ አወጡ። ትልቁ ነጭ ፈረስ ለዋና ሥራ አስኪያጁ፤ ሰልፉን ከፊት ይመራሉ። ቀጥሎ ያለው ጥቁሩ ለራሳቸው፤ ምክትል ማለት ተከታይ ነውና ዓይን ከወዲሁ ቢለምደው አይከፋም። ከዚያ የፋይናንስ፣ የሰው ኃይል፣ የግዥ፣ እያለ ይወርዳል። አንድ ጆሮዋ የተተለተለ ቡናማ ባዝራ መጨረሻ ላይ ተረፈች፤ እሷን ለመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ሰጧት። ሠንጠረዡ በሦስት ቅጂ ተዘጋጅቶ፣ ማኅተም አርፎበት፣ አንዱ ቅጂ ፋይል ሆነ።

ተራራው ግርጌ ሲደርሱ የፈረሶቹ ባለቤት፣ አንድ ቀጭን ሽማግሌ፣ ኮርቻ እያጠበቁ ጠበቋቸው። ፕሮቶኮል ኃላፊው ሁለተኛውን ቅጂ በሁለት እጃቸው አቀረቡላቸው።

«አባባ፣ ድልድሉ ይኸውልዎ።»

ሽማግሌው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ወረቀቱ ጥሩ ነው» አሉ። «ፈረሶቹ ግን አላዩትም።»

«እንዴት ማለት?»

«እነሱ የራሳቸው ተራ አላቸው፣ ልጄ። ባዝራዋ ከፊት ትሄዳለች፤ መንገዱን የምታውቀው እሷ ናት። ነጩ መጨረሻ ነው።»

«ነጩማ የዋና ሥራ አስኪያጁ ነው።»

«ይሁን። ግን ከፊቱ ጭራ ካላየ አንድ እርምጃ አይራመድም። ከኋላው የሚመጣበት ካለ ደግሞ ይራገጣል።»

ፕሮቶኮል ኃላፊው የሚወራው ስለ ፈረሱ ብቻ መሆኑን ለማረጋገጥ ግራ ቀኙን ቃኙ። ከዚያም የመሥሪያ ቤቱን አሠራር ለሽማግሌው በትዕግሥት አስረዷቸው፤ ሽማግሌውም ሰምተው ሲያበቁ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ብርቱካን መላጥ ጀመሩ።

ሰልፉ በሠንጠረዡ መሠረት ተሰለፈ። ዋና ሥራ አስኪያጁ በአራት ሰው ድጋፍ ነጩ ላይ ወጥተው፣ ኮታቸውን አስተካክለው፣ የመንቀሳቀሻ ንግግር አደረጉ። «ዛሬ ወደፊት እንሄዳለን» አሉ። ተጨበጨበ። ነጩ ፈረስ ቆመ። «ወደፊት ስንል ወደኋላ ላለመመለስ ነው» ብለው አከሉ። እንደገና ተጨበጨበ። ነጩ ፈረስ አሁንም ቆሟል፤ እንዲያውም አንዱን እግሩን አሳርፎ ዓይኑን ጨፈነ።

ፕሮቶኮል ኃላፊው ጥቁሩን አስጠግተው ሊቀሰቅሱት ሲሞክሩ ነጩ ሳይዞር በሁለት እግሩ ተራገጠ፤ ጥቁሩ ወደ ጎን ተፈናጠረ፤ ፕሮቶኮል ኃላፊው በጋማው ተንጠልጥለው ቀሩ። በሥራ ልምድ ማስረጃቸው ላይ «ፈረስ ግልቢያ፦ በጣም ጥሩ» ብለው የጻፉት እሳቸው ራሳቸው ስለነበሩ ለመጮህ አልተመቻቸውም።

«ለምንድነው የማንሄደው?» አሉ ዋና ሥራ አስኪያጁ።

«በመሄድ ዝግጅት ላይ ነን፣ ጌታዬ።»

ማለፍ የሚቻል ነበር፤ መንገዱ ሰፊ ነው። ነገር ግን ዋና ሥራ አስኪያጁን ቀድሞ የሚያልፍ ሠራተኛ እስካሁን አልተፈጠረም። አርባ ደቂቃ ቆሙ። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። የግዥው ኃላፊ አዲስ ፈረስ በጨረታ እንዲቀርብ ሐሳብ ሰጡ። በመጨረሻ ፈረስ ላይ እንዳሉ አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ሲመክር ለፕሮቶኮል ኃላፊው ባለ ሁለት መስኮቱ ቢሮ እዚያው ቆሞ ሲሄድባቸው ታያቸው። ሰው ሲጨንቀው ደግሞ አንዳንዴ ይበራለታል።

«ክቡር ሥራ አስኪያጅ» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ከፊት መምራት አሮጌ አሠራር ነው። ከፊት ያለ መሪ የሚያየው መንገድ ብቻ ነው። ከኋላ ያለ መሪ ግን ሠራተኛውን በሙሉ ያያል። ዘመናዊ አመራር ከኋላ ነው።»

ዋና ሥራ አስኪያጁ አሰቡበት። «እኔም ይህንኑ ልል ነበር» አሉ።

በአምስት ድምፅ ድጋፍ፣ ያለ ተቃውሞ፣ ኋላው ፊት እንዲሆን ተወሰነ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ከፊት እንድትሆን ተነገራት።

«አለቃ፣ እኔ እኮ ፈረስ ላይ ወጥቼ አላውቅም» አለች።

«እሷ ታውቃለች» አሉ ሽማግሌው የባዝራዋን አንገት እየዳበሱ፣ ምላሳቸውንም አንድ ጊዜ ቀጭ አደረጉ። ባዝራዋ ተነሣች። ሰባቱ ተከተሉ። ነጩም ከፊቱ የጥቁሩን ጭራ ሲያይ ዓይኑን ገልጦ ሰተት ብሎ ገባ።

ጉዞው አማረ። ፕሮቶኮል ኃላፊው ግን አመራሩ እንዳይቋረጥ አንገታቸውን እየጠመዘዙ ወደኋላ ሪፖርት ያደርጋሉ።

«ጌታዬ፣ ወደ ግራ ታጥፈናል፤ እንዲያጸድቁልን።»

«ጸድቋል።»

«ጌታዬ፣ ወንዙን ተሻግረናል።»

«ይሻገር።»

ሁለተኛውን ኮረብታ ሲጨርሱ ከኋላ መልስ ጠፋ። ዋና ሥራ አስኪያጁ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ጥለው፣ እጃቸውን ኮርቻው ላይ አቆላልፈው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ፕሮቶኮል ኃላፊው ለአፍታ ተደናገጡ፤ ወዲያው ግን ዝምታው እንደ ይሁንታ እንዲቆጠር ለራሳቸው ወሰኑ። ገደል አፋፍ ላይ ያለውን ጠባብ መንገድ ያለፉት በዚህ ይሁንታ ነው። እዚያ ላይ ፕሮቶኮል ኃላፊው ፈርተው ነበር፤ እናታቸውን በልባቸው ሦስት ጊዜ ጠርተዋል። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ በበኩሏ ልጓሙን ለቀቅ አድርጋ፣ መንገዱን ለባዝራዋ ትታ፣ «እዚህ ጋ ድንጋይ አለ፤ ጎንበስ በሉ፣ ቅርንጫፍ አለ» እያለች ሁሉንም አሳለፈች።

ጫፉ ላይ ሲደርሱ ዋና ሥራ አስኪያጁ ነቁ። «ደረስን?»

«አደረሱን እንጂ፣ ጌታዬ።»

ሰኞ ጠዋት ፕሮቶኮል ኃላፊው የሕይወታቸውን ታላቅ ሪፖርት ለመጻፍ ተቀመጡ። አሥራ አራት ገጽ ወጣው። ዋናው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ «ዋና ሥራ አስኪያጁ ከኋላ ሆነው፣ አንድም ትእዛዝ መስጠት ሳያስፈልጋቸው፣ ለሁለት ሰዓት ተኩል መላውን ተቋም ያለ አንዳች ጉዳት መርተዋል። ከፊት የነበረችው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር የጻፏት አመራሩ ምን ያህል ከኋላ እንደነበር ለማጉላት ነው። ዋና ሥራ አስኪያጁ አንብበው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ፕሮቶኮል ኃላፊውን ለምክትልነት የሚያጭ ደብዳቤ በዚያው ፈርመው፣ ሪፖርቱን አባሪ አድርገው፣ ለበላይ አካል ላኩ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። በእነዚህ ሳምንታት ፕሮቶኮል ኃላፊው የሁለቱን መስኮቶች ስፋት በሜትር ለክተዋል፤ ሚስታቸውም መጋረጃ ቆርጣለች።

መልሱን እንደ ወጉ የተቀበለችው የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ናት። ከፈተችው፣ ቁጥር ሰጠችው፣ አነበበችው፤ ከዚያ ቁጥሩን በትክክል መስጠቷን ለማረጋገጥ ደግማ አነበበችው። ወደ ፕሮቶኮል ኃላፊው ቢሮ ይዛው ስትገባ በግድግዳው ማዶ ውሃ ይለቀቃል።

«አለቃ፣ ቢቀመጡ ይሻላል።»

«ተቀምጫለሁ እኮ። አንብቢው።»

አነበበችው። የበላይ አካል ሪፖርቱን በጥሞና መርምሮታል። ተቋሙ ያለ አንድ ትእዛዝ ገደል መሻገር የሚችል መሆኑ ስለተረጋገጠ የምክትል ሥራ አስኪያጅ መደብ አያስፈልገውም፤ ታጥፏል። በዚሁ ምክንያት የዋና ሥራ አስኪያጁም መደብ ታጥፎ እሳቸው በክብር ተሰናብተዋል። የተቋሙን ሥራ ከፊት የነበረችው ሠራተኛ በተጠባባቂነት ትይዛለች።

ፕሮቶኮል ኃላፊው ሲያዳምጡ ፊታቸው አመድ መሰለ። የአሥራ አንድ ዓመት ልምድ ግን ሰውን ባዶ እጁን አይተወውም፤ ከወንበራቸው ተነሥተው ወንበሩን ወደ እሷ ገፉላት። «ይቀመጡ፣ እባክዎ» አሉ።

«አንድ አንቀጽ ይቀራል» አለች። ማንበቡ አሳዝኗት ነበር። «የሪፖርቱ አዘጋጅ የማያስፈልጉ መደቦችን አጉልቶ የማሳየት ልዩ ችሎታ ስላላቸው፣ ሌሎች የሚታጠፉ መደቦች ካሉ እንዲያጠኑ ታዘዋል። ጥናቱን ከራሳቸው መደብ ይጀምራሉ።»

በሰባት ቀን አጠናቀቁት። ሃያ ሁለት ገጽ ነው፤ እስከ ዛሬ ከጻፉት ሁሉ የተዋጣለት እንደሆነ ያነበበው ሁሉ መስክሯል።