የአቀባዮች ምግብ ቤት

ሥልጣኔ በእኛ በግብፅ፣ ከዓባይ ዳር፣ ሁለት ጊዜ ፈልቋል። የመጀመሪያው ከአምስት ሺህ ዓመት በፊት ስለሆነ እሱን ለድንጋዮቹ እንተወው። ሁለተኛው የዛሬ ሁለት ዓመት፣ የከተማችን የእንግዳ አቀባበል ጽሕፈት ቤት «ከባሕር ማዶ ለሚመጡ የተከበሩ እንግዶች የጉርሻ አሰጣጥ መመሪያ» የተባለውን ባለ አርባ ስምንት ገጽ መጽሐፍ በሰባት ቋንቋ ያሳተመ ዕለት ነው። እኔ በዚያ ታላቅ ዘመን በሎሚ አቀባይነት ያገለገልኩ ሰው ነኝ። ያየሁትን ለትውልድ አለማስተላለፍ ደግሞ ነውር ነው።

ከመመሪያው በፊት እንግዶቻችን በጨለማ ይኖሩ ነበር። ጉርሻ መስጠት እንዳለባቸው ያውቃሉ፣ ለማን እንደሚሰጡ ግን አያውቁም። አንዱ እንግዳ የከንቲባው አማች በር ከፍተው ቢያሳልፉት፣ አመስግኖ ሃያ ፓውንድ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠ። አማችየው ክብራቸው ስለተነካ ክፉኛ ተቆጡ፤ እየተቆጡም ገንዘቡን ኪሳቸው ከተቱ። ይህ ዓይነት ስሕተት እንዳይደገም ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው እኔ በምሠራበት በሐጂ መትወሊ ምግብ ቤት አሥራ አንድ ቀን ምሳ እየበላ ጥናት አካሄደ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን የዘነጋ አባል አልነበረም። ጥናቱ ስለ ጉርሻ በመሆኑም ውጤቱ እንዳይዛባ ሲባል ኮሚቴው ለማናችንም አንዲት ሳንቲም አልሰጠም።

የጥናቱ ፍሬ አንቀጽ ዘጠኝ ነው፤ እስከ ዛሬ በቃሌ እወጣዋለሁ። «እንግዳ በምግብ ቤት ውስጥ በእጁ አንዳች ነገር ላቀበለው አስተናጋጅ ሁሉ፣ ስለ እያንዳንዱ ማቀበል ከአሥር ፓውንድ ያላነሰ ጉርሻ በዚያው ቅጽበት ይሰጣል።»

ሐጂ መትወሊ አንቀጹን ሁለት ጊዜ አነበቡና ዘጠኛችንንም ሰበሰቡን።

«ልጆቼ» አሉ፣ «እስከ ዛሬ ደሞዛችሁን ከእኔ እጅ ስትጠብቁ ኖራችሁ። የሰው እጅ ማየት ደግሞ ውርደት ነው። ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ውርደት ነፃ አውጥቻችኋለሁ። ደሞዛችሁ ያለው እንግዳው ዘንድ ነው።»

ስምንታችን አጨበጨብን። ያላጨበጨቡት ምግብ አብሳያችን ኡስታ ቢሻራ ብቻ ናቸው። ኡስታ የምንለው እጁ ሙያ ያወቀን ሰው ነው፤ እሳቸው ደግሞ ሠላሳ ዓመት በዚያ ማድ ቤት ቆመው፣ ከባሕር ማዶ ድረስ ስሙ የተሰማ የበግ ባሚያና እሸት ስንዴ የተሞላ እርግብ ሲሠሩ ኖረዋል። ራሳቸው ግን ሥጋ ከቀመሱ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል፤ ጥርስ የላቸውም። ሰው ሠራሹ ጥርስ በልካቸው ተሠርቶ አልቆ፣ ሐኪሙ ቤት ብርጭቆ ውስጥ ሆኖ ገንዘብ ይጠብቃል። የእርግብ ሥጋ ለሰው እያቀረቡ እሳቸው ምሳቸውን ዳቦ በመረቅ እያራሱ ሲውጡ ማየት፣ እውነቱን ልናገርና፣ ያሳዝነኝ ነበር።

«ሐጂ፣ እኔስ?» አሉ።

«አንተ ደግሞ ምን ሆንክ?»

«እኔ ለማንም አላቀብልም። ከግድግዳ ኋላ ነኝ።»

«አላህ ከግድግዳ ኋላ ያለውንም ያያል።»

«እሱማ ያያል። እንግዳው ነው የማያየኝ።»

ሐጂ ስብሰባውን በዱዓ ዘጉት።

በማግስቱ ሥራ ተከፋፈልን። ዱሮ አንድ ሰው በአንድ ትሪ ሁሉን ነገር ይዞ ይመጣ ነበር። አሁን ሻውቂ ዳቦ፣ ረጀብ ሹካ፣ ሳብሪ ጨው፣ ሌላው ሶፍት፣ ሌላው ውሃ፣ ሌላው ብርጭቆ እየያዝን እንሰለፍ ጀመር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል፤ ይህን የተናገረ ሰው ምግብ ቤታችንን አይቶ ሳይሆን አይቀርም። እኔ በበኩሌ ለሁለት ይቆረጥ የነበረውን ሎሚ ለስምንት መቁረጥ ቻልኩ። ይህም በዘርፉ የተመዘገበ ዕድገት ነው።

በእርግጥ ጥቃቅን አለመግባባቶች ነበሩ።

«ረጀብ፣ ቢላዋውን ለምን አነሳህ? አንተ ሹካ አይደለህ?» አለ ሳብሪ።

«ቢላዋና ሹካ ባልና ሚስት ናቸው።»

«ይፋቱ! እኔ ልጆች አሉኝ።»

ሐጂም አፋቷቸው። እንግዶቹ መጽሐፉን ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ ለያንዳንዳችን እያመሰገኑ ይሰጣሉ። ባሚያው ስምንት እጅ አልፎ ሲደርስ ቀዝቅዞ ነበር፤ ግን አንድም ሰው ስለ ቅዝቃዜ የሚናገር አንቀጽ በመጽሐፉ ውስጥ አላገኘም።

ኡስታ ቢሻራ ሳምንት ጠበቁና ድስታቸውን ራሳቸው ይዘው ለማውጣት ጠየቁ። ወጥ አቀባዩ አለቀሰ። ጉዳዩ ጽሕፈት ቤቱ ድረስ ሄደ። ዋና ጸሐፊው ሙኒር በይ («በይ» እኛ ዘንድ ሹም የሚከበርበት መጠሪያ ነው) ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ጻፉ፤ «ማብሰል ከማቀበል በፊት የሚፈጸም ተግባር በመሆኑ እንደ ማቀበል አይቆጠርም» የሚል። ኡስታ ደብዳቤውን ይዘው ጸሐፊው ዘንድ ሄዱ፤ እኔም አብሬ ነበርኩ።

«በይ፣ እኔ ካላበሰልኩ እነዚህ ምን ያቀብላሉ?»

«ይህ ቴክኒካዊ ጥያቄ ነው» አሉ ሙኒር በይ። «እኛ የምንመለከተው ሥነ ሥርዓቱን ነው።»

ኡስታ ቢሻራ ተመልሰው መጡ፤ እሳቱን አጠፉ፤ ሽርጣቸውን ሚስማር ላይ ሰቀሉ። ባለቤት ያላገኘ አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር፣ እሱን ያዙ፤ ስቴኪኒ። ጥርስ የሌለው ሰው ስቴኪኒ ሲያቀብል ያየ እንግዳ ልቡ እየተነካ እጥፍ ይሰጥ ጀመር። ማድ ቤቱን የሚረከብ ሰው ሲጠየቅ ሁላችንም መሬት መሬት አየን።

ለጥቂት ቀን የተረፈውን አቀበልን። ቀጥለን ከመንገዱ ማዶ ካለው ባለ ጋሪ የተቀቀለ ባቄላ ገዛን፤ ባለ ጋሪው መመሪያውን ሲያነብ «እኔው ራሴ ነኝ የማቀብለው» ብሎ መጣ፣ ተጣላንና ሄደ። ከዚያ በኋላ ምግብ የለም። አሠራራችን ግን ለአንዲት ቀን አልተስተጓጎለም። እንግዳ ይቀመጣል፤ ሶፍት፣ ሹካ፣ ቢላዋ፣ ብርጭቆ፣ ጨው፣ ሎሚ፣ በመጨረሻም ስቴኪኒ ይቀርብለታል። ጽሕፈት ቤቱ በሪፖርቱ እንዳሰፈረው፣ ለአንድ እንግዳ የሚፈጸም ማቀበል ከሦስት ወደ አርባ አንድ አድጓል፤ በምግብ ጣዕም ላይ የሚቀርብ ቅሬታም ሙሉ በሙሉ ተወግዷል። ለዚህ ውጤት የምስክር ወረቀት ተወሰነልን።

ሙኒር በይ የምስክር ወረቀቱን ይዘው የመጡት አንድ ቀን በቀትር ነው። ኡስታ ቢሻራ በዚያው ሳምንት ጥርሳቸውን ከሐኪሙ ቤት አውጥተው ስለነበር፣ ከንግግሩ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፈገግ ብለው ቆሙ። ንግግሩ ረዥም ነበር። የሚያበስልልን ስላጣን ከመካከላችን ቁርስ የበላ ሰው አልነበረምና አንዳንዳችን ግድግዳ ተደግፈን ነው ያዳመጥነው።

በዚህ መሐል አንዲት ባርኔጣ ያደረገች አሮጊት እንግዳ ገብታ ተቀመጠች። አርባ ዓመት አረብኛ ያስተማረች ናት፤ ንግግሯ ከሙኒር በይ የጠራ ነበር። ሁላችንም ተራ በተራ አቀበልናት፤ ሁላችንንም ተራ በተራ ከፈለችን። ከዚያ ጠበቀች።

«ምግቡስ?» አለች።

«ማዳም፣ ሥነ ሥርዓቱ ተጠናቋል» አሉ ሐጂ።

«ጓደኞቼ ነግረውኝ ነበር፣ አላመንኩም። ለማንኛውም ብዬ ስንቄን ይዣለሁ።»

እንቁላል ከሞላበት ቅርጫቷ አንድ የተቀቀለ አወጣች። ልትልጥ ስትል ቀና ብላ አየችን። ምን እንዳየች አላውቅም፤ እኔ ግን ዓይኔን ከእንቁላሉ ላይ መንቀል አቅቶኝ ነበር። ተነስታ ለያንዳንዳችን አንድ አንድ አቀበለች፤ ለሐጂም፣ ለሙኒር በይም። ማንም አላንገራገረም። ኡስታ ቢሻራ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ጥርስዎ ያምራል።»

«አዲስ ነው፣ ማዳም።»

«ምን በሉበት?»

«ገና ምንም። ሥጋ የሚሠራልኝ ሰው አጣሁ።»

«አብሳዩ የት ሄደ?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አያበስሉም?»

«ማብሰል ማቀበል አይደለም፣ ማዳም። ማኅተም ያለው ደብዳቤ አለኝ።»

ስድስት ዓመት የተጠበቀው ጥርስ የመጀመሪያ ሥራው እንቁላል ሆነ። እንቁላሉን ደግሞ በድዳቸውም ይወጡት ነበር።

በልተን ስንጨርስ ማዳም መጽሐፉን ገለጠች። ጣቷን አንቀጽ ዘጠኝ ላይ አሳረፈችና ሌላ እጇን ዘረጋች።

«ማዳም፣ ተሳስተዋል» አሉ ሙኒር በይ። «እንግዳ ለአስተናጋጅ ይሰጣል ነው የሚለው።»

«አዎ። አሁን ያበላሁት እኔ ነኝ። እንግዳው ማነው?»

ሙኒር በይ ይህ ኮሚቴ የሚያስፈልገው ጥያቄ ነው አሉ፤ አስኳሉ ግን አንቋቸው ስለነበር በግልጽ አልተሰማም። ኡስታ ቢሻራ ወደ ፊት ወጥተው አሥር ፓውንድ መዳፏ ላይ አኖሩ።

«ያበላ ሰው ሲከፈለው ገና ዛሬ አየሁ» አሉ።

ሐጂ መትወሊ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባቸው መሰል፣ «ሽርጡን! ሽርጡን አቀብሉት!» አሉን። ስምንታችን ተጋፍተን ሮጥን። ሻውቂ ኪሱን፣ ረጀብ ጫፉን፣ እኔ ማሰሪያውን ይዘን አመጣነው፤ የተረፈውን እጃችንን ደግሞ ለጉርሻ ዘርግተናል።

ኡስታ ቢሻራ ሽርጡን አልነኩትም። መዳፋቸውን ለሐጂ ዘረጉ።

«እንግዲህ እኔና እርስዎ እንተሳሰብ፣ ሐጂ» አሉ። «ሠላሳ ዓመት አብልቻለሁ።»