በመውጫው የገባ ዱዓ

ሰው ሲያረጅ መጀመሪያ የሚከዳው ጉልበቱ ነው የሚሉ ሁሉ ውሸታሞች ናቸው። መጀመሪያ የሚጠፋው መግቢያና መውጫን መለየት ነው! ምስክር ካስፈለጋችሁ... ዛሬ ጠዋት ማይክሮፎኑን በማዳመጫው ቀዳዳ፣ ማዳመጫውን በማይክሮፎኑ ቀዳዳ የሰካው ሽማግሌ እኔው ነኝ።

መቻራ ያለችው እህቴ ፋጡማ ዛሬ ልጇን ትድራለች። ያለ አጎት ዱዓ ደግሞ ሙሽራ ከቤት አትወጣም። የመቻራ መንገድና የእኔ ወገብ ከተኳረፉ ስለቆዩ፣ ዱዓዬን ኮምፒውተር ላይ ቀድቼ በቴሌግራም ልልክ፣ እነሱም ድንኳኑ ውስጥ በትልቁ ስፒከር ሊያሰሙት ተስማማን።

የኮምፒውተሬ የድምፅ ቀዳዳዎች ከሞቱ ሰንብተዋል። ስለዚህ አውራ ጣት የምታህል፣ ከጎኑ የምትሰካ፣ ሁለት ቀዳዳ ያላት ሳውንድ ካርድ ገዛሁ። ሻጯ መግቢያውንና መውጫውን በጣቷ አሳይታኛለች። እኔ ግን የማስብ ሰው አይደለሁ? አሰብኩበት። ድምፁ የሚወጣው ከማን ነው? ከእኔ! በምን? በማይክሮፎን! እንግዲያው ማይክሮፎን መውጫው ላይ ይሰካል። ወደ ጆሮዬ የሚገባው ደግሞ በመግቢያው... ለካ ካርዷም እንደ እኔ ራሷን የዓለም እምብርት ታደርጋለች፤ መግቢያ የምትለው ወደ እሷ የሚገባውን፣ መውጫ የምትለው ከእሷ የሚወጣውን ነው።

ማዳመጫው ጆሮዬን ሲያልበኝ አውልቄ ባለቤቴ ዘይነባ የተቀመጠችበት ፍራሽ ላይ ጣልኩት። ከዚያ ማይክሮፎኑን እንደ ስብሰባ መሪ ጨብጬ "አላህ ትዳራችሁን ያጽና..." እያልኩ አወረድኩት። ስክሪኑ ላይ የድምፁ መስመር ትዘላለች። እኔም በራሴ ተደንቄያለሁ።

መሃል ላይ ዘይነባ ሙሽራው ምን ዓይነት ልጅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አብዲ በገለምሶ በሚያልፈው በዚያው የመቻራ መንገድ ሚኒባስ ይነዳል፤ አንድ ጊዜ ተሳፍሬበት እዚህ ጭሮ የደረስኩት እንደሚሞት ሰው ሸሃዳዬን እየደጋገምኩ ነው። ብልጥ ነኝና ማይክሮፎኑን በመዳፌ ጥርቅም አድርጌ ሸፈንኩ። ወደ ባለቤቴ ጎንበስ ብዬ ሹክ አልኳት። ዱዓዬንም ጨርሼ፣ መልሼ ሳላዳምጥ፣ ላክሁ።

ከዙሁር ሶላት በኋላ ፋጡማ ደወለች።

"ወንድሜ፣ ዱዓህ ጉድጓድ የገባ ሰው ጩኸት ነው የሚመስለው።"

"ምንም አልተሰማም?"

"አንዷ ብቻ ጥርት ብላ ተሰምታለች። 'ትዳሩን እንደ መኪናው ከነዳው ገለምሶ ሳይደርሱ ይገለበጣሉ' የምትለዋ።"

ለካ ማዳመጫን የማይክሮፎን ቀዳዳ ላይ ከሰኩት እሱው ማይክሮፎን ይሆናል! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል... የእኔ ጆሮ ግን ባለቤቴ አጠገብ ተጋድሞ የሹክሹክታዬን ፊደል አንድም ሳይጥል ቀዳው። የሰው ነገር ከአፍ ሲወጣ አፋፍ ይደርሳል፤ የእኔ ከጆሮ ወጥቶ መቻራ ደረሰ።

የሙሽራው ወገን ሽማግሌዎች ከዘራቸውን አንስተው ቆመዋል አለችኝ። እንግዲህ የእህቴን ልጅ ሠርግ ያፈረስኩት በሁለት ቀዳዳ ነው! ይቅርታ ልለምን አፌን ስከፍት ስልኩን ሌላ ሰው ተቀበላት። አብዲ ራሱ።

"ኤሱማ" አለኝ፤ የእናት ወንድም ማለቱ ነው። "ሽማግሌዎቹን አስቀምጫቸዋለሁ። እነሱም ተሳፍረውብኝ ያውቃሉ፣ ሊክዱ አልቻሉም።"

"አላህ ይባርክህ ልጄ..."

"እሱን በስልክ አልቀበልም። ዱዓዬ እርስዎ ጋ ቀርቷል። ነገ ጭሮ መጥቼ ወደ መቻራ እወስድዎታለሁ። ፊት ወንበር ይቀመጣሉ፤ እዚያ ላይ ሰው ዱዓ የሚያደርገው ከልቡ ነው።"

ዘይነባ ይህን ስትሰማ በነጠላዋ አፏን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ሳቋ ግን ያለ ካርድም ጥርት ብሎ ይሰማል።

ያለብኝ ዕዳ እንግዲህ አንዲት ዱዓ ናት። የሚኒባሱን መግቢያ አውቀዋለሁ። የምፈራው መውጫውን ነው።