ተጣልቶ የማይወጣበት ቤት

በየሰፈሩ አንድ ገላጋይ አይጠፋም። ማንም ሳይሾመው፣ ማንም ሳይጠራው፣ ጠብ በሸተተበት ቦታ ሁሉ ቀድሞ የሚገኝ ሰው ነው። የዚህ ሰፈር ዕድል ግን ከሁሉም ይበልጣል፤ ክብርት እትዬ ገላጋይ የደረሱት ለእሱ ነው። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቅ የለም፤ መታወቂያቸውን ያደሰላቸው ጸሐፊ እንኳ ረስቶታል ይባላል።

እትዬ ገላጋይ ያላስታረቁት ማን አለ? መኪና ለመኪና የተጫጫሩ ሁለት ሾፌሮችን መሃል መንገድ ላይ ሲያሳስሙ፣ ከኋላ የቆሙት ሃያ መኪኖች መንገዱን በጡሩምባ አደበላለቁት። እሳቸውም ዞር ብለው፣ «እናንተን ደግሞ ቀጥዬ እመጣላችኋለሁ!» አሉ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ጄኔሬተር አጠገብ ቆመው ጮክ ብለው የሚያወሩ ባልና ሚስት አግኝተው አስታረቁ። ሰዎቹ አልተጣሉም። «ኧረ እኛ ሰላም ነን!» ቢሉ ማን ሰምቷቸው! «እንኳን ሰው ከሰው፣ እግርና እግርም ይጋጫል፤ ካልተቃቀፋችሁ አልሄድም» ብለው ድርቅ አሉ። ምስኪኖቹ ተቃቅፈው፣ ይቅር ተባብለው፣ አመስግነው ሄዱ።

እንግዲህ ወጣቱ ዳይሬክተር ፊልም የሚቀርጽበት ሳሎን ፍለጋ ሲንከራተት፣ ከስንቱ ቤት መርጦ ያንኳኳው የእሳቸውን በር ነው። ሳሎናቸው ሰፊ መስኮትና ጥሩ ብርሃን አለው። «ሦስት ቀን አይደል? ግቡ፣ ልጆቼ ናችሁ» አሉ። የፊልሙን ታሪክ አልጠየቁም፤ እሱም አልነገራቸውም። ታሪኩ አጭር ነው። ወጣት ባልና ሚስት ተዋደው ይጋባሉ፣ ይኮራረፋሉ፣ በመጨረሻ ሚስት ሻንጣዋን ይዛ ትወጣለች፣ ባል ደግሞ ከወንበሩ ሳይነሳ ያያታል። አለቀ።

ሁለት ቀን በሰላም አለፈ። የፍቅሩ ክፍል ስለነበር እትዬ ገላጋይ ከጓዳ ሆነው እየመረቁ አሳለፉት። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት የቀረው የመለያየቱ ትዕይንት ብቻ ነበር። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ሳታልፍ መቀረጽ አለበት፤ ተዋናይዋ ነገ ለሌላ ሥራ ትሄዳለች።

«አክሽን!»

«ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ከጀርባህ ጋር ነው የኖርኩት» አለች ተዋናይዋ፣ ሻንጣዋን አንስታ።

«ውይ ልጄ፣ እንዲህማ አይባልም!» እትዬ ገላጋይ እጃቸው ዱቄት እንደሆነ ከጓዳ ብቅ አሉ።

«ካት! እትዬ፣ ትወና ነው እኮ።»

«ትወና መሆኑን መች አጣሁት? ትወናም ይሁን ምን፣ እኔ ቤት ተጣልቶ የወጣ የለም!»

ዳይሬክተሩ ለመናቸው፤ እሺ አሉ። በሁለተኛው ሙከራ ሻንጣው ጠፋ፤ ሲፈለግ አልጋቸው ሥር ተገኘ። በሦስተኛው ተዋናይዋ እያለቀሰች በሩን ብትገፋው አልከፈት አለ፤ ቁልፉ እትዬ ገላጋይ ኪስ ውስጥ ነበር። ካሜራማኑ በሳቅ ሲንፈቀፈቅ ካሜራውም አብሮ ተንቀጠቀጠ። ዳይሬክተሩ ግን አልሳቀም። ይችን ትዕይንት ዛሬ ካልቀረጻት የሚሞት መስሎታል።

«በቃ እዚህ አጠገቤ ይቀመጡ» አላቸው። «እጅዎን አፍዎ ላይ ያድርጉ።»

አደረጉ። አራተኛው ተጀመረ። እትዬ ገላጋይ ግን ተዋንያኑን ትተው እሱን ያዩ ጀመር። ሚስቲቱ ስትናገር የእሱ ከንፈር አብሮ ይንቀሳቀሳል። ተዋናይዋ ተሳስታ «ሁለት ዓመት ከጀርባህ ጋር» ስትል፣ ወረቀቱን እንኳ ሳያይ፣ «ከሰባት ወር!» ብሎ ጮኸ። ድምፁ ተሰነጠቀ።

እትዬ ገላጋይ እጃቸውን ከአፋቸው አነሱ። «ከሄደች ስንት ጊዜ ሆናት?»

«ማን?»

«ተው እንጂ ልጄ።»

«አርባ ሦስት ቀን» አለ ዳይሬክተሩ።

«አንተስ ያን ቀን ለምን አልተነሳህም? እግርህን አሞህ ነበር?»

«እግሬ ደህና ነው። ትመለሳለች ብዬ ነው። ሳትመለስ ስትቀር ደግሞ... ፊልሙን ብታየው ይገባታል አልኩ። ጥፋቴን ሁሉ ጽፌዋለሁ።»

«ምነው ልጄ! ይቅርታ ለማለት አራት ሰውና አንድ ካሜራ ያስፈልጋል?»

ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። ካሜራማኑ፣ «ብርሃኑ ሊሄድብን ነው!» ብሎ ጮኸ። ዳይሬክተሩ መስኮቱን አየ፣ በሩን አየ። እውነቱን ለመናገር ፈርቷል። ግን ተነሳ።

ሚስቱ የምትሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ አየችው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አላት። «ያን ቀን ተነስቼ መከተል ነበረብኝ። ዛሬ መጣሁ።»

«ዘግይተሃል።»

«አዎ።»

ከኋላው የቆሙትን ሴት አየች። «እኚህ እናትስ?»

«ገላጋይ ናቸው።»

እትዬ ገላጋይ ግን፣ ማን ያምናል፣ ትንፍሽ አላሉም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው የተሰቀሉትን ክሮች ያዩ ጀመር። ሚስቱ የያዘችውን ጨርቅ አጥፋ አስቀምጣ፣ «ቤት እመለሳለሁ አላልኩህም። ነገ ከሥራ ስወጣ ጠብቀኝ፤ እናወራለን» አለችው።

ሲመለሱ ዳይሬክተሩ ክንዳቸውን ያዘ። «እትዬ፣ እርስዎስ ከሰው ተጣልተው ያውቃሉ?»

«ምን በወጣኝ!» አሉ። ጥቂት እንደሄዱ ግን ድምፃቸው ቀነሰ። «ከእህቴ ጋር ብቻ ነው። ስድስት ዓመት ሆነን።»

«ስድስት ዓመት! የሚያስታርቃችሁ ሰው ጠፍቶ?»

«ማን ያስታርቀናል? የሰፈሩ ገላጋይ እኔ!»

«ቤቷ የት ነው?»

«ከዳቦ ቤቱ ጀርባ... ምን ልታደርግ ነው? ተው፣ ዛሬ አይሆንም! ልብሴ ሁሉ ዱቄት ነው። ሰዎችህም እየጠበቁህ ነው። ደግሞስ ጥፋቱ የእሷ ነው!»

ዳይሬክተሩ ወደ ዳቦ ቤቱ ታጠፈ። ስንቱን እየጎተቱ ያስታረቁት ክብርት እትዬ ገላጋይ፣ እንደ ሕፃን እግራቸውን እየጎተቱ ወደ ኋላ ቀሩ። እሱም እጁን ዘርግቶ፣ ቆሞ ጠበቃቸው።