የሐጂ አብዶሽ ኢምንት

ኢምንት ማለት ምን ማለት ነው? መዝገበ ቃላት አይግለጡ፤ ጀጎል መጥተው ጎረቤቴን ሐጂ አብዶሽን ይጠይቋቸው። ሐጂ በየዓመቱ ረመዳን ሲቃረብ የግቢያቸውን ግንብ ያስለስናሉ። ልስኑ በልስን ላይ እየተደረበ ግንቡ ወደ መንገዱ ገፋ ይላል።

«ሐጂ፣ መንገዱ ጠበበ እኮ!» ስላቸው፣

«ወላሂ፣ ኢምንት ናት!» ይሉኛል።

ሰሞኑን ለልጃቸው ሰርግ የተገዛው ቁም ሣጥን ከሸዋ በር በሰው ትከሻ መጣ። በራቸው ጋ ሊደርስ ሲል በእሳቸውና ከመንገዱ ማዶ ባለው በእኔ ግንብ መካከል ተቀረቀረ። ሙሽሪት ከውስጥ ታለቅሳለች፤ ሐጂ ላብ አጥምቋቸው ይገፋሉ።

«ለማለፍ ምን ያህል ቀረው?» አሉኝ።

«ኢምንት» አልኳቸው፤ ያፍራሉ ብዬ።

ሐጂ የእኔን ግንብ ዳበስ ዳበስ አደረጉና፣ «እንግዲያው ካንተ በኩል እንፋቀዋ!» አሉ።