ከሰሌኑ ስር የወጣው እግር

[ሳሞአ፤ ግድግዳ የሌለው የፔሳሚኖ ቤት። ፔሳሚኖ በመንደሩ ሸንጎ ንግግር የሚያደርገው ሽማግሌ ነው። ደጅ ላይ ኋላው የተጨራመተ ፒካፕ ቆሟል፤ ዶሮዎች ሰፍረውበታል። የፒካፑ ባለቤት ሲያኪ ሽማግሌው የሚለውን ይጽፋል።]

ሲያኪ፦ ጋሼ፣ ወረቀቱ አለቀ እኮ!

ፔሳሚኖ፦ ገልብጠዋ! ገና ሰማይና ምድርን ነው ያመሰገንነው፤ አለቆቻቸውን መች ነካን?

ሲያኪ፦ ለኢንሹራንስ እኮ ነው የምንጽፈው። ዝም ብለን “መኪናዬን አሠሩልኝ” ብንላቸውስ?

ፔሳሚኖ፦ አንተ ንግግር ምን ታውቃለህ! ለመሆኑ ለምንድነው አንከፍልም ያሉት? ቀስ ብለህ ንገረኝ፤ አንተ ስታወራ ነገር ይጠፋብኛል።

ሲያኪ፦ የማታው ጸሎት ሲደወል እንደ መንደራችን ደንብ መንገድ ላይ ቆምኩ። የዳቦ መኪናው መጥቶ ከኋላ ገጨኝ።

ፔሳሚኖ፦ ከኋላ የገጨ ጥፋተኛ ነው። አለቀ! የእሱ ኢንሹራንስ ይክፈል!

ሲያኪ፦ አላለቀም። ሾፌሩ ከመኪናው ሰሌን አውጥቶ፣ ተከናንቦ አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለ።

ፔሳሚኖ፦ ያሳደገው ይባረክ! ጥፋተኛ ሰሌን ይከናነባል፣ ተበዳይ ይቅር ብሎ ያነሳለታል። አንተም አነሳህለት።

ሲያኪ፦ አላነሳሁም። ገባሁ።

ፔሳሚኖ፦ የት?

ሲያኪ፦ ሰሌኑ ስር።

ፔሳሚኖ፦ [ብድግ ብሎ] የተገጨኸው አንተ! ምን ልትሠራ ገባህ?

ሲያኪ፦ ዝናቡ ነዋ! ሰሌኑን ባነሳው ሁለታችንም ልንበሰብስ ነው። ደሞ ሾፌሩ ሲያለቅስ አንጀቴን በላው። ዳቦም ሰጠኝ።

ፔሳሚኖ፦ በላህ?

ሲያኪ፦ ትኩስ ነበር።

ፔሳሚኖ፦ ወይ አምላኬ!

ሲያኪ፦ ኢንሹራንሶቹም ያው የአገር ልጆች ናቸው፤ “ሰሌን ስር የሚገባ ጥፋተኛ ነው” አሉኝ። ሾፌሩ “ያጠፋሁት እኔ ነኝ” ቢላቸውም አልሰሙትም።

ፔሳሚኖ፦ ማን አየህ? ድርቅ ብለህ ካድ!

ሲያኪ፦ ፎቶ አላቸው። እኔ ረጅም ስለሆንኩ እግሬ ወጥቶ ይታያል። አንድ የመንደራችን ሰው ፌስቡክ ላይ ለጥፎ፣ ከስሩ “ጥፋተኛው ይኸው” የሚል ነገር ጽፎበታል።

ፔሳሚኖ፦ ማነው ይሄ ወሬኛ?

ሲያኪ፦ ስሙን ልንገርዎት?

ፔሳሚኖ፦ እንዳትነግረኝ! ስሙን ከሰማሁ ራት አይበላልኝም። ጻፍ! “ይህን ፎቶ ያነሳው ሰው የሚያየውን የማያውቅ ደንቆሮ ነው።”

ሲያኪ፦ አልበዛም ጋሼ? የተከበረ ሰው ነው እኮ።

ፔሳሚኖ፦ ማን ነው ያከበረው? ጨምርበት! “ማን ገጨ፣ ማን ተገጨ ብሎ ሳያጣራ አፉን የሚከፍት፣ ቃሉ የማይታመን ሰው ነው።”

ሲያኪ፦ ቀስ ይበሉ፤ ይቺን በደንብ ልጻፋት። [ይጽፋል] ግን ይሠራል ጋሼ? ጎደሬዬ ማሳ ላይ እየበሰበሰ ነው። ሚስቴ በአውቶቡስ አንዳንድ ከረጢት እየተሸከመች ገበያ ትወጣለች፤ ወገቧን ይዛ ስትመለስ ሳያት ማልቀስ ያምረኛል።

ፔሳሚኖ፦ [ለስለስ ብሎ] ይሠራል ልጄ። እኔ እያለሁ አትጨነቅ።

ሲያኪ፦ የኢንሹራንሷ ልጅ እንኳ “ፎቶውን ያነሳው ሰው ራሱ ተሳስቻለሁ ብሎ ከፈረመ ይከፈልሃል” ብላኛለች።

ፔሳሚኖ፦ ታዲያ ምን ትጎለታለህ? ሂድና አስፈርመዋ! እምቢ ካለ አንጠልጥለህ እኔ ጋ አምጣው!

ሲያኪ፦ [ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ዘርግቶ] እዚች ጋ ይፈርሙልኝ።

ፔሳሚኖ፦ እኔ ምን ቤት ነኝ?

ሲያኪ፦ [ስልኩን ያሳየዋል]

ፔሳሚኖ፦ [ያነባል] “በመንደራችን ጥፋተኛ ሰው በትሕትና ይቅርታ ሲለምን...” ይሄማ ስለ ባህላችን የጻፍኩት ነው! የዳቦው ሾፌር እግር መስሎኝ ነው እንጂ! ኒውዚላንድ ያሉ ዘመዶቼ ሁሉ ወደውታል!

ሲያኪ፦ ኢንሹራንሶቹም በጣም ወደውታል።

ፔሳሚኖ፦ [እስክሪብቶውን ይቀበላል] እሺ... ይቺን “ደንቆሮ” የምትለዋን ብቻ እንሰርዛት።

ሲያኪ፦ እሷ ከተሰረዘችማ፣ ጋሼ፣ ማን እንደፈረመ በምን ያውቃሉ?

[ፔሳሚኖ ይፈርማል።]