ጨዋው መታጠቢያ ቤት

ፍርሃት ሥራ ቢሆን ኖሮ እኔ ይኼኔ ጡረታ ወጥቼ ነበር። ሰው ለሚሆነው ነገር ይፈራል፤ እኔ ለማይሆነውም እፈራለሁ። ስልክ ሲጮህ እደነግጣለሁ፤ ሳይጮህ ሲውል ደግሞ "ምን ሆነው ነው?" እላለሁ። ከወለድኩ ወዲህማ ተዉኝ። ናርዶስ ካለቀሰች ሐኪም ቤት ልሮጥ እላለሁ፤ ዝም ካለች እጄ አፍንጫዋ ሥር ነው፣ ትተነፍስ እንደሆነ። እናት የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። ያልሆናችሁ ሳቁ፤ ተራችሁ ይደርሳል።

እንዲህ ያለ ሰው የወንጀል ፊልም ማየት አለበት? የለበትም። እኔ ግን አየሁ።

የምኖረው እዚህ ሮም፣ ከፖንቴ ማሞሎ ሜትሮ ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ ሲስተሮች እናቶችን ከነልጆቻቸው በሚያስጠጉበት ቤት ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠባብ መታጠቢያ ቤት፤ ተመስገን ነው። ደንቡ አጭር ነው። እንግዳ ቀን ይመጣል፣ ማደር ግን አይችልም። እንግዳ ያሳደረች ክፍሏን ትለቃለች። እኔ እያለሁ አንዷ ለቃለች፤ የልጇን ጋሪ በአንድ እጇ፣ ሻንጣዋን በሌላ እጇ እየገፋች ስትወጣ በመስኮት አይቻታለሁ። የዚያ ጋሪ ጎማ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ ይንቋቋል።

ክፍሎቹን የሚቆጣጠሩት ሲስተር ለተብርሃን ናቸው፤ የአገራችን ሰው፣ ትልቅ ሰው። ከምሳ በኋላ ልጆች ሲተኙ ሳሎን ቁጭ ብለው ሹራብ እየሠሩ ቴሌቪዥን ያያሉ። ምን የሚያዩ ይመስላችኋል? የኖርዌይ የወንጀል ድራማ። መነኩሲት ናቸው እኮ። "ኃጢአትን ሳያውቁት እንዴት ይጸልዩለታል?" ይላሉ።

ድራማው ስለ አራት አብሮ አደጎች ነው። ከተማቸው የዓሣ ወደብ ናት። አንድ ሰው ሞቷል፤ ማን እንደገደለው አራቱም ያውቃሉ፤ ፖሊሷ አንድ በአንድ እየጠራች ታስጨንቃቸዋለች። ሰማዩ አመድ፣ በረዶው አመድ፣ ፊታቸው አመድ፤ ሲናገሩ ግን እንደ ሮም ባለታክሲ ጣሊያንኛውን ያንበለብሉታል። አንድ ነገር ገረመኝ። እነዚህ ጓደኛሞች አብረው ሲበሉ አላየሁም። እያንዳንዱ የራሱን ዳቦ ቆሞ ይገምጣል፣ እንዴት ዋልክ እንኳን አይባባሉም። ግን አንዱ አንዱን አሳልፎ አይሰጥም። እኛ በጉርሻ ተናንቀን፣ እጃችን ሳይደርቅ እንተማማለን።

አንዱ ለፖሊሷ አፉን ሊከፍት ሲል ሲስተር ሹራባቸውን ጭናቸው ላይ ጣሉት። "ጓደኛውን ከሚሸጥ ሰው ጋር እኔ ውሃ አልጠጣም" አሉ። ይህን ቃላቸውን ያዙልኝ።

በዚያው ሰሞን ሙሉ መጣች።

ሙሉ ባሕሩን አብራኝ የተሻገረች ናት። ናርዶስን ስወልድ እጇን ሰጥታኝ ነበር፤ ምጡ ሲጠና ነክሼዋለሁ። ጠባሳው አለ። "ልጅሽ ስታድግ ካሣ እጠይቃታለሁ" ትላለች። የምትጦራቸው አሮጊት ሲሞቱ ልጆቻቸው ቤቱን ቆለፉት፤ ሥራዋም አልጋዋም በአንድ ቀን ሄዱ። "እስካገኝ ብቻ" አለችኝ። እሺ አልኳት። ሊመሽ ሲል በትልቁ በር እየተሰናበተች ትወጣለች፣ በልብስ ማስጫው በር ተመልሳ ትገባለች። ይህን ዘዴ ያገኘነው ከድራማው ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚባለው እኛን ነው።

እንቅልፍ ከዚያ ወዲያ ስሙንም አላውቀውም። ብንያዝ ልጄን ይዤ የት እገባለሁ? ሙሉን ሂጂ ልበላት እልና አፌን ስከፍት ጠባሳው ይታየኛል። አፌን እዘጋለሁ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አንድ ጧት በሩ ተንኳኳ። ሙሉ ባዶ እግሯን ዘላ መታጠቢያ ቤት ገባች። ሲስተር "ማሞቂያሽ ይሠራል ወይ?" እያሉ ገቡ። አልጋው ላይ ሁለት ትራስ ነበር፤ አንዱ ላይ ተቀመጥኩበት። ጎንበስ ብለው ማሞቂያውን ሲዳብሱት ከኋላው አቧራው ተነሣና አስነጠሳቸው።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ትልቅ ሰው ሲያስነጥስ የሚባለውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኔም አውቃለሁ። ግን ሐሳቤ ሁሉ ከሥሬ ያለው ትራስ ላይ ነበር። ከዚያ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ኋላ፣ በትሕትና፣

"ይማርዎት።"

ኖርዌዮቹ በስንት ምርመራ ያላወጡትን የእኛዋ በአንድ ማስነጠስ አወጣችው። ምን ታድርግ? ሲያስነጥሱ ዝም ማለትን አሳዳጊዎቿ አላስተማሯትም። ትልቅ ሰው ሳይመረቅ ከሚቀር መያዝ ይሻላል።

ሲስተር ቀና አሉ። ወደ በሩ ዞረው "ያኑርሽ" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ።

"መታጠቢያ ቤትሽ ካንቺ ይልቅ ጨዋ ነው።"

"ማንም የለም ሲስተር" አልኩ። እስቲ ይህ ምን ይባላል?

በሩ ተከፈተ። "እኔ ነኝ ሲስተር" አለች ሙሉ። "እሷ አታውቅም። ዛሬ ጧት ነው ሾልኬ የገባሁት።"

ሲስተር ማሞቂያው ላይ ያለውን ትልቅ ቀይ ካልሲ አነሡት። "ሾልከሽ ገብተሽ፣ ካልሲሽን አጥበሽ፣ አሰጣሽ። ቀልጣፋ ነሽ ልጄ።"

ናርዶስ ብቻ ሳቀች። ሲስተር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ ትንሽ አረጁብኝ። "አሎራ፣ እንግዲህ" አሉ በረጅሙ። "ማድሬ ክፍሎቹ ደኅና ናቸው ወይ ቢሉኝ ምን እላለሁ? ብናገር ከማን ጋር ውሃ እጠጣለሁ? ዝም ብል ደግሞ ዋሾ መነኩሲት።"

ማድሬ የቤቱ አለቃ ናቸው፤ በደንብ ነገር ቀልድ አያውቁም። እኔ ናርዶስን እቅፌ ውስጥ አጥብቄ ያንን ጋሪ እሰማ ነበር።

ሙሉ ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር ሳበች። "ከጠየቁዎት 'ማንም የለም' ይበሉ" አለች፣ ያልደረቀ ካልሲዋን እያጠለቀች። "እስከዚያ እውነት ይሆናል።"

"ቆይ፣ እግርሽ እርጥብ ነው" ስል፣ "አንቺ ደግሞ ፍሪ" አለችኝና ጉንጬን ሳመችኝ።

ሲስተር ተከትለዋት ወጡ። ኮሪደሩ ላይ በስልክ ለረጅም ጊዜ ሲያወሩ ሰማሁ። ለካ ከሮም ወጣ ብሎ፣ ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ፣ የሚያውቋቸው አንዲት አሮጊት ሲኞራ አብራቸው የምታድር ሰው ሲፈልጉ ኖረዋል። ሙሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያ ናት። ከሰዓት በኋላ ማድሬ በሳሎን ሲያልፉ ክፍሎቹ ውስጥ እንግዳ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። "ማንም የለም" አሉ ሲስተር፣ ዓይናቸውን ከሹራቡ ሳያነሡ። ከዚያ ወደ እኔ ብርጭቆ ውሃ ገፋ አደረጉ።

ክፍሌ አለ፤ ናርዶስም አልጋው ሰፍቶላት ትንከባለላለች። እኔም በሰላም እፈራለሁ። ትናንት ብርድ መታኝ መሰል አስነጠሰኝ። ሳላስበው ዞሬ የመታጠቢያ ቤቱን በር አየሁ።

በሩ ጨዋነቱን ረስቷል።